በረንዳው የተቆረጠበት ጥግ

ኢንጂነሩ የወደቀው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያጨበጨበለት ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ጭብጨባውን የዋጠው ዝምታ ገና ከመንገዱ አልተነሳም ነበር። ሟቹ በመንገዱ ጥግ፣ አስፋልቱ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። የግራጫ ኮቱ ቁልፎች እንደተቆለፉ ናቸው፤ አንድ ጫማው ወልቆ ከአስከሬኑ ራቅ ብሎ ወድቋል። ዙሪያውን አዲስ የተቀቡ ጣውላዎች ተበታትነዋል። ቀና ስትል ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ በር ወደ ባዶ አየር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ሥር ሁለት ወፋፍራም ብረቶች ከግድግዳው ወጥተው፣ ምንም ሳይሸከሙ ቀርተዋል።

በጣቢያው «መርፌዋ» ነው የሚሏት። ቀጭን ስለሆነች የሚመስላቸው አሉ። አብረዋት የሠሩት ግን፣ በአንዱ በኩል የገባችበትን ነገር በሌላው በኩል ክሩን ይዛ ስለምትወጣ ነው ይላሉ።

ነገሩን አጠር አድርገው ነገሯት። ሟቹ በጊዜው የከተማው የመንገድ ሥራ ኃላፊ ነበር። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት መንገዱ ሲሰፋ የዚህን አሮጌ ሕንፃ በረንዳ ያስቆረጠው እሱ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግን ልቡ ተመለሰና ነባር ሕንፃዎች እንዳይፈርሱ የሚሟገት ኮሚቴ ውስጥ ገባ። በዚያን ዕለት የከተማዋ ጥጎች ትናንትና ዛሬ ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ የፎቶ ኤግዚቢሽን በሕንፃው ምድር ቤት ሊከፈት ነበር። ለክብሩ ሲባል በረንዳው በጣውላ እንደ ድሮው ተሠራ፤ ያስቆረጠውም ሰው ላዩ ላይ ቆሞ ፎቶ እንዲነሳ ተጋበዘ።

መርማሪዋ ቁጢጥ ብላ አንዱን ጣውላ ገለበጠች። ብሎን የነበረበትን ቀዳዳ በትንሿ ጣቷ ዳሰሰችው።

«አናጺው የታለ?»

አናጺው የመብራት ምሰሶ ተደግፎ፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ግዙፍ ሰው ነው፤ ያለቅሳል።

«እኔ ነኝ። ሰው ገደልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? የእጄ ሥራ ነው የጣለው።»

«ረጋ በል ወንድሜ። መቼ ነው የጨረስከው?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት። አሥራ ስድስት ብሎን አስሬበታለሁ፤ ስምንት እዚህኛው ብረት ላይ፣ ስምንት እዚያኛው ላይ። ከዚያ ዘልዬበታለሁ! እንደሚያዩኝ ኩንታል የማህል ሰው ነኝ፤ ንቅንቅ አላለም።»

«ብሎን በክብደት ተነቅሎ ሲወጣ እንጨቱን ምን ያደርገዋል?»

«አፉን ይቦጭቀዋል፤ ይሰነጥቀዋል።»

«እንግዲያው ይህን እየው።»

አናጺው ጣውላውን ተቀበላት። አንዱን ቀዳዳ አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ ከዚያ ፊቱ ላይ የነበረው ዕንባ እንዳለ ቆመ።

«ይሄ እኮ አልተነቀለም! በካቻቪቴ ተፈትቶ ነው!»

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ዛሬ ጠዋት አልሞከርከውም?»

«ልሞክር ስል ፎቶ አንሺው ከለከለኝ። ‹የጫማ ዱካ ፎቶ ላይ ይወጣል፤ ከክብር እንግዳው በፊት ማንም እንዳይረግጠው› ብሎ በሩ ላይ ገመድ አሰረበት።»

ይህን ጻፈችና ደብተሯን ዘጋች። ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳው የነበረበት ክፍል ስትደርስ ተከራይዋ ልብስ ሰፊ በስፌት መኪናዋ ፊት፣ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። እየሰፋች አይደለም፤ መብራቷ ግን በርቷል።

«በቀን መብራት?»

«ምን ላድርግ እህቴ? በምሥራቅ በኩል ያ የመስታወት ሕንፃ አምና ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በጨለማ ነኝ። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ አንዲት ጮራ አትገባልኝም። ስድስት ዓመት ነው እዚህ የተከራየሁት፤ ድሮ በዚህ ሰዓት ግድግዳው ይግል ነበር።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚህ ነበርሽ?»

«አናጺው ሲጨርስ ሦስቱን የአበባ ጣሳዎቼን አውጥቼ በረንዳው ላይ ደረደርኳቸው፤ ለጌጥ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ለደንበኛ ልብስ ላደርስ ወጣሁና በዚያው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቁልፉን ከበሩ አናት ላይ ነው የምተወው። አናጺውም ያውቃል፣ ፎቶ አንሺውም ያውቃል፣ ሕንፃውን ሊያፈርስ የነበረው ኮንትራክተርም ያውቃል።»

«ዛሬስ?»

«ሁለት ተኩል ላይ ገባሁ። ኮንትራክተሩ ሲወርድ ደረጃው ላይ ተገናኘን፤ ሰላም እንኳን አላለኝም። ከዚያ ምን አየሁ መሰለሽ፤ ጣሳዎቼ እዚህ መስኮቱ ላይ ተመልሰዋል። ማን እንደመለሳቸው እንጃ።»

መርማሪዋ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አነሳቻቸው። አፈር የሞላቸው ናቸው፤ ከባድ ናቸው። ባልታሰረ ጣውላ ጫፍ ላይ ቢቀመጡ ኖሮ ከኢንጂነሩ በፊት የሚወርዱት እነሱ ነበሩ።

ኮንትራክተሩ የሟቹ የእህት ልጅ ነው። አርባውን ጥቂት አልፏል፤ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ስልክ ይነጋገራል።

«ወደ ላይ ምን ልትሠራ ወጣህ?»

«ለአጎቴ ወንበር ላስቀምጥ። እግሩን ያመው ነበር። ወንበሩ እዚያው ክፍሉ ውስጥ አለ።»

«ይህን ሕንፃ ልታፈርሰው ነበር ይባላል።»

«አዎ፣ አሥራ ሁለት ፎቅ ልሠራበት። አጎቴ ደግሞ ከማይፈርሱት ተርታ አስመዘገበው። ተጣላን፤ ሁለት ወር አልተነጋገርንም። እና ለዚህ ሰው ይገደላል? ይሄ በረንዳ ድሮም ጣጣ ነው . . .»

«ድሮ ምን አመጣ?»

«ምንም። ለነገሩ ያህል ነው ያልኩት» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ፎቶ አንሺው ከመንገዱ ማዶ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው አጠገብ እንደቆመ ነው። ስድሳ የሚሞላው፣ ጢሙን የተላጨ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ካሜራው የድሮ የፊልም ካሜራ ነው።

«ወደ ፊት የጠራሁት እኔ ነኝ ልጄ» አላት ሳትጠይቀው። «‹አንድ እርምጃ ጌታዬ፣ አንድ እርምጃ ብቻ› አልኩት። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ሲወድቅ ፎቶ አነሱት?»

«እጄ አነሳው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ እዚሁ ቆሜ በረንዳውን ብቻ አንድ አንስቻለሁ። ፊልሙን አጥቤ ነገ አመጣልሻለሁ። ምናልባት የሚጠቅምሽ ነገር ይኖረዋል።»

ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ከልክ በላይ ለስላሳ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ከመስታወቱ ሕንፃ ጫፍ ላይ ብቅ አለች፤ ብርሃኑም በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። መርማሪዋ አስከሬኑን አስነስታ ወደ ኤግዚቢሽኑ ገባች።

ፎቶዎቹ በግድግዳው ዙሪያ በየጥጉ ተመድበው ተሰቅለዋል። የባቡር ጣቢያው ጥግ፣ የድሮው ሲኒማ ጥግ፣ የመጽሐፍ መደብሩ ጥግ። ሲኒማው መጋዘን ሆኗል፤ መጋዘኑ ባንክ ሆኗል። ከሁሉ ብዙ ፎቶ ያለው ግን ይህ ጥግ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ። ዳቦ ቤቱ ጫማ ቤት፣ ጫማ ቤቱ የስልክ ሱቅ ሲሆን ታያለች። ትልቁ ዛፍ በአንዱ ዓመት አለ፣ በሚቀጥለው ጉቶው ቀርቷል፣ በሦስተኛው ጉቶውም አስፋልት ሆኗል። በመጨረሻዎቹ ላይ የመስታወቱ ሕንፃ ከዳር እየገባ፣ እያደገ ይሄዳል።

ከፎቶዎቹ ሥር ያሉትን ጽሑፎች አነበበች። የሌሎቹ ጥጎች ፎቶዎች ቀናቸውም ሰዓታቸውም የተለያየ ነው። የዚህ ጥግ ግን፣ ከመጀመሪያው በቀር፣ ሁሉም በየዓመቱ በአንድ ቀን ተነስተዋል። ሁለተኛው አመሻሽ ላይ፣ የቀሩት ሁሉ አሥር ሰዓት ላይ። ያ ቀን ደግሞ ዛሬ ነው።

የመጀመሪያው ፎቶ ቀን አልተጻፈበትም። በረንዳው በቦታው አለ፤ አንዲት ወጣት ሴት ልብስ እያሰጣች ወደ ካሜራው ትስቃለች። መርማሪዋ ፎቶው ፊት ብዙ ቆየች። ለአላፊ አግዳሚ እንዲህ አይሳቅም።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ፎቶ አንሺው ቃሉን ጠብቆ ፎቶውን ጣቢያ አደረሰ። በረንዳው ደልደል ብሎ ይታያል፤ ሦስቱ ጣሳዎች ላዩ ላይ ተደርድረዋል፤ ግድግዳው በፀሐይ ያበራል። ከጀርባው «ጠዋት 2:00» ተብሎ ተጽፏል።

የጣቢያው አዛዥ ፎቶውን አይቶ ጠረጴዛውን ደበደበ።

«አለቀ! ሁለት ሰዓት ላይ ጣሳዎቹ በረንዳው ላይ ናቸው። ሁለት ተኩል ላይ መስኮቱ ላይ። በመሃል የወጣው የእህቱ ልጅ ብቻ ነው። ጠብም አለባቸው። ይታሰር!»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይታገሡኝ።»

«ምን ቀረሽ?»

«ፎቶው የተነሳበት ቦታ ቆሜ ማየት።»

ሁለት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ፣ ማቆሚያው በቆመበት ቦታ ላይ ቆመች። ፎቶውን በአንድ እጇ ይዛ ግድግዳውን አየች፤ ግድግዳውን አይታ ፎቶውን አየች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ክፍል ሄደች። ስድስት ሰዓት ላይ ከፎቶ አንሺው ቤት አንድ ጥቅልል ፊልም አስመጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ሁሉም በልብስ ሰፊዋ ክፍል ተሰበሰቡ። አናጺው ከበሩ አጠገብ፣ ኮንትራክተሩ ለአጎቱ ባመጣው ወንበር ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ በመኪናዋ ኋላ፣ ፎቶ አንሺው ቆሞ። አዛዡና ሁለት ፖሊሶች ደረጃው ጋ ናቸው።

«ብሎኖቹ ተፈትተዋል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ስለዚህ አደጋ አይደለም፤ አናጺውም ጥፋት የለበትም።»

አናጺው ዓይኑን ጨፈነ።

«ገዳዩ ግን አንድ ችግር ነበረበት። ያልታሰረ ጣውላ ሰው አይመርጥም፤ አናጺውንም፣ ልብስ ሰፊዋንም፣ ማንንም ሊጥል ይችላል። እሱ የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ታዲያ በዚያ ጠዋት ከኢንጂነሩ በፊት ማንም በረንዳውን እንዳይረግጥ ያደረገው ማን ነው?»

አናጺው ቀስ ብሎ ወደ ፎቶ አንሺው ዞረ።

«ለፎቶው ብዬ ነው» አለ ፎቶ አንሺው።

«ሊሆን ይችላል ጋሼ። ቀጥለን እንይ። በሩ አጠገብ የቆመን ሰው ጣውላው ባይታሰርም ብረቶቹ ይሸከሙታል፤ ጠርዙን ሲረግጥ ግን ጣውላው ይገለበጣል። ኢንጂነሩም መጀመሪያ በሩ አጠገብ ነው የቆመው። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተባለ። ያለው ማን ነው?»

«ሁለት ሰዓት ላይ በረንዳው ደህና እንደነበር ግን ፎቶው ይናገራል!» አለ ኮንትራክተሩ፤ ወዲያው ይህ በራሱ ላይ እንደሚመጣ ገባውና አፉን ያዘ።

«ፎቶው ነው እውነቱን የነገረኝ። እህቴ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይህ ግድግዳ ፀሐይ አለው?»

«ኧረ የት ተገኝቶ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እስከ አምስት ሰዓት ጥላ ነው አልኩሽ እኮ።»

መርማሪዋ ፎቶውን ለሁሉም አሳየች። «እዚህ ላይ ግድግዳው በፀሐይ ያበራል። የጣሳዎቹም ጥላ ወደ ምሥራቅ ተጋድሟል፤ የጠዋት ጥላ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው። ይህ ፎቶ ከትናንት በስቲያ፣ አሥር ሰዓት ገደማ የተነሳ ነው። ፊልሙም ይመሰክራል፤ ከትናንት በስቲያ ካነሷቸው ፎቶዎች መካከል ነው ያገኘሁት። ጋሼ፣ ፎቶውን አነሱ፤ ወደ ላይ ወጡ፤ ቁልፉን ከበሩ አናት ላይ ወሰዱ፤ ጣሳዎቹን አግብተው ብሎኖቹን ፈቱ። ትናንት ኮንትራክተሩ ብቻውን ሲወጣ አዩትና ‹ጠዋት ሁለት ሰዓት› የሚለውን ጨመሩበት።»

«ለምን?» አለ አዛዡ። «እኚህ ሰው ከኢንጂነሩ ጋር ምን አላቸው?»

«እኔም ይህንን ጠይቄ ነበር። አንድን ጥግ በየዓመቱ በአንድ ቀን የሚያነሳ ሰው ጥጉን አይደለም የሚያስታውሰው፤ ቀኑን ነው። የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ በዚያ ቀን እንዲሆን የጠየቁትም እርስዎ ነዎት። ወደ መዝገብ ክፍል ሄጄ የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት በዚያ ቀን እዚህ ምን እንደሆነ ፈለግሁ። አንዲት ሴት ከሦስተኛ ፎቅ ወድቃ ሞታለች። የባልየው ስም ተጽፏል። ስሙ የኤግዚቢሽኑ ማስታወቂያ ላይ አለ።»

የጣራው ቆርቆሮ በሙቀት ሲንቋቋ ተሰማ። ፎቶ አንሺው ኮፍያውን አወለቀ። ሊክድ ያሰበ ሰው አይመስልም ነበር።

«አርባ ዓመት ከብርሃን በቀር ሌላ ያላየ ዓይን ነው ያለኝ» አለ። «ትናንት ጠዋት ግን ከአንድ ሰው በቀር አላየሁም። ግድግዳው ይብራ ይጨልም፣ ልብ አላልኩትም።»

«ይናገሩ ጋሼ።»

«ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነበርኩ። እሷ ገበያ ሄዳ ሳለ ስድስት ሰዓት ላይ መጥተው በረንዳውን ቆረጡት። አላንኳኩም፣ ወረቀት አልለጠፉም፣ በሩን አላሸጉም። ተመልሳ ልብስ አጠበች። አሥር ሰዓት ላይ የልብሱን ሳፋ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ልማዷ በሩን በጀርባዋ ገፋችው። በጀርባዋ። የምትሄድበትን እንኳን አላየችም። አመሻሹ ላይ ደረስኩ፤ በሩ እንደተከፈተ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ ሳይነካው ብዬ ፎቶ አነሳሁት። ከሳምንት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ምን ጻፈ መሰለሽ? ‹በሩ በጣውላ ታሽጎ ነበር፤ ሟቿ ራሷ ነቅላዋለች›። ፎቶዬን ይዤ ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። ጸሐፊዋ ከበር ትመልሰኛለች። የኢንጂነሩን ፊት እንኳን አሳይተውኝ አያውቁም። በመጨረሻ በዚህ ኤግዚቢሽን ሰበብ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ‹ጎበዝ አንሺ ነህ› አለኝ። ማን መሆኔን አላወቀም። ያን ቀን ቆረጥኩ።»

«እኔስ?» አለ ኮንትራክተሩ፤ ከወንበሩ ተነስቶ። «እኔ ምን አድርጌህ ነው ልታስገባኝ የነበረው?»

«አንተ ገና ቁም» አለችው መርማሪዋ። ከፋይሉ አንድ የነተበ ወረቀት አወጣች። «የቆረጡትን ሠራተኞች የመራኸው አንተ ነህ። ‹በሩን በሁለት ጣውላ አሽጌያለሁ› ብለህ የፈረምከውም አንተ ነህ። ይህ ደግሞ ምድር ቤት ተሰቅሎ የነበረው ሁለተኛው ፎቶ ነው። እስቲ ሁለቱን ጣውላ አሳየኝ። የሚስማር ቀዳዳ እንኳን አሳየኝ።»

ኮንትራክተሩ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

«አጎቴ ፈርም አለኝ፤ ፈረምኩ። ልጅ ነበርኩ። ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ጠበቃ ጠይቄያለሁ፤ ጊዜው አልፎበታል። ማንም አይከሰኝም።»

መርማሪዋ አዛዡን አየችው። አዛዡ ወለሉን አየ። ሰውየው ያለው እውነት ነበር።

«ጠበቃ ጠይቀሃል?» አለ ፎቶ አንሺው፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰነጠቀ። «ጊዜው እስኪያልፍ ቀን ትቆጥር ነበር ማለት ነው?» ወደ እሱ ተወረወረ። ሁለቱ ፖሊሶች እየሮጡ ገብተው ያዙት፤ ያን ያህል ጉልበት ይኖረዋል ብሎ የገመተ አልነበረም።

አናጺው ከበሩ ተነስቶ ኮንትራክተሩ ፊት ቆመ። «እኔ ትናንት ሰው ገደልኩ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስቃትት አደርኩ» አለው። «አንተ በሩን ሳታሽግ ሄደህ አሥራ ስምንት ዓመት ተኛህ?»

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ወደ ደረጃው በጣቷ አሳየችው። «ከቤቴ ውጣልኝ።»

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ደረጃውን ወርዷል። መርማሪዋ ፎቶ አንሺውን ከፖሊስ መኪናው ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ስትገባ፣ ጥጉ በሰው ተሞልቶ ነበር። ኮንትራክተሩ ወጣ። የስልክ ሱቁ ባለቤት በሩ ላይ እንደቆመ ፊቱን አዞረበት። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀለት፤ ማንም ቃል አልተነፈሰም፣ ማንም ሰላም አላለውም። አንዲት አሮጊት ብቻ «እሱ ነው?» ስትል ተሰማች። አንገቱን ደፍቶ ወደ መኪናው ሲሄድ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ።

«አዩት ጋሼ?» አለች መርማሪዋ። «ፋይሉ ከእንግዲህ አይደበቅም። የሚስትዎም ስም ይጸዳል፤ ራሷ ጣውላውን ነቀለች የሚል ሰው አይኖርም። እሱም በዚህች ከተማ ቀና ብሎ የሚሄድበት ጥግ የለውም።»

ፎቶ አንሺው የኮንትራክተሩ መኪና ከጥጉ እስኪታጠፍ ድረስ በመስኮቱ ተከተለው።

«አልበቃኝም» አለ።